የማይክል ስሚዝ ሁለት ሳምንት

ያደግኩት ሻሸመኔ ነው። ሰባተኛ ክፍል እያለሁ አጠገቤ የሚቀመጥ አንድ ልጅ ነበር፤ አባቱ ጃማይካዊ፣ እናቱ የእኛው ሰው። ድሬዱን በሹራብ ኮፍያ ሸፍኖ ነበር የሚመጣው። የኮፍያው ጠርዝ ተተርትሯል፤ ትምህርት ሲሰለቸው ክሩን እየመዘዘ ጣቱ ላይ ይጠቀልለዋል። አንድ ቀን የክፍላችን ኃላፊ መምህር "ይሄን ፀጉር ሳትቆረጥ ነገ እንዳትመጣ" አለው። በማግስቱ ልጁ ቀረ፣ አባቱ መጡ።

ቁመታቸው የበሩን ጉበን ሊነካ ምንም አልቀረው። አማርኛቸው ከ"ሰላም ነው" እና ከ"እግዚአብሔር ይመስገን" ብዙም አያልፍም። እንግሊዝኛቸው ደግሞ ፓትዋ የሚባለው የጃማይካ አነጋገር ተቀላቅሎበት ቶሎ ቶሎ ይፈስሳል፤ ዳይሬክተሩ አልገባቸውም። "እንግሊዝኛ የሚችል ልጅ ጥሩ" ተባለና እኔ ተጠራሁ። ሰውየው ተናገሩ። ረጅም ጊዜ ነው የተናገሩት። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። መሀል ላይ አንዴ ብቻ እጃቸውን አናታቸው ላይ አድርገው ቀስ ብለው አወረዱ። ሲጨርሱ ዳይሬክተሩ ወደ እኔ ዞሩ። እኔም "የልጄን ፀጉር አላስቆርጥም ነው የሚሉት" አልኩ።

ያን ሁሉ ንግግር በአንድ ዓረፍተ ነገር ዘጋሁት። ዳይሬክተሩም "እንግዲያው ሌላ ትምህርት ቤት ይፈልጉለት" አሉና ነገሩ አለቀ። ልጁ ከዚያ በኋላ አጠገቤ አልተቀመጠም።

የተናገሩት ገብቶኝ ነበር። ሁሉም ባይሆን አብዛኛው ገብቶኛል። ግን ፈራሁ። ዳይሬክተር ፊት ቆሞ ረጅም ነገር ማውራት ራሱ ጥፋት ይመስለኝ ነበር። ይሄ ነገር ለዓመታት ከሆዴ አልወጣም።

ዛሬ ልጽፍላችሁ የተነሳሁት ግን ያን ቀን እኔ ያልሠራሁትን ሥራ በትክክል ስለ ሠራ አንድ የጃማይካ ምሁር ነው። ማይክል ጋርፊልድ ስሚዝ ይባላል። ሶሻል አንትሮፖሎጂስት ነበር። ሰው መሀል ገብቶ፣ አብሮ ተቀምጦ፣ ቋንቋውን ለምዶ፣ እንዴት እንደሚጋባ፣ እንዴት እንደሚያመልክ፣ ማን ማንን እንደሚያዝ የሚያጠና ማለት ነው። እኛ አገር ስሙን የሚያውቅ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ጃማይካ ሲባል ቦብ ማርሌይ ይመጣልናል፣ ከዚያ ጃንሆይ፣ ከዚያ የሻሸመኔው መሬት። ጃንሆይ መሬት ሰጡ፣ ሰዎቹ መጡ፤ ታሪኩ በዚህ ያልቃል። መሀሉን የሚነግረን የለም። ስሚዝ ያለው መሀሉ ላይ ነው።

(ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ እንዳይምታታባችሁ።)

በ1921 ኪንግስተን ውስጥ ተወለደ። ጃማይካ ኮሌጅ የሚባል ስመ ጥር የወንዶች ትምህርት ቤት ተማረ። ጎረምሳ ሳለ ገጣሚ ነበር። ቀራፂዋ ኤድና ማንሌይ ቤት ከሚሰበሰቡት ወጣት ጸሐፊዎች አንዱ እሱ ነው። ባሏ ኖርማን ማንሌይ በኋላ የጃማይካ መንግሥት መሪ ሆነ፣ ልጇ ማይክል ማንሌይም እንዲሁ። ይሄን ቤት ልብ በሉልኝ፣ እመለስበታለሁ። ስሚዝ ከዚያ ለትምህርት ካናዳ ሄደ፤ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ በካናዳ ጦር ውስጥ ዘመተ። ጦርነቱ ሲያልቅ ለንደን ገብቶ ሕግ ጀመረ፣ ግን ብዙ ሳይቆይ ወደ አንትሮፖሎጂ ዞረ። ዶክትሬቱን በ1951 ያዘ።

የመስክ ሥራውን የሠራው ሰሜን ናይጄሪያ፣ ዛሪያ አካባቢ፣ ከሃውሳዎች ጋር ነው። ጊዜው 1949 እና 1950። ለአንድ ጃማይካዊ ይሄ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። የብዙ ጃማይካውያን ቅድመ አያቶች በመርከብ ተጭነው ወደ ወጡበት ምዕራብ አፍሪካ እሱ በምሁርነት ተመልሶ ገባ። ስለ ገበያቸው፣ ስለ እርሻቸው፣ በኋላም ስለ ዛሪያ፣ ስለ ዳውራና ስለ ካኖ የሃውሳ መንግሥታት ታሪክ ወፋፍራም መጻሕፍት ጻፈ። እውነቱን ለመናገር እነዚያን እየዘለልኩ ነው ያነበብኳቸው። የኤሚሩ ሹመኛ፣ የሹመኛው ሹመኛ፣ ማን ከማን ግብር ይሰበስባል... ለባለሙያ ወርቅ ነው፣ ለእኔ ከበደኝ።

ልቤን የነካው ሚስቱ ሜሪ የሠራችው ነው። አብራው ሄዳ ሃውሳኛ ተማረች። እሱ ከወንዶቹና ከሹማምንቱ ጋር ሲውል እሷ ባባ ከምትባል አንዲት አሮጊት ጋር ትቀመጣለች። ባባ እንግሊዞች ከመምጣታቸው በፊት የተወለደች ናት። ስለ ልጅነቷ፣ ስለ ባርያ ፈንጋዮች ወረራ፣ ስለ ትዳሮቿ፣ ልጅ ስላለመውለዷ፣ ስላሳደገቻቸው የሰው ልጆች አውርታ አትጠግብም። ሜሪ እየሰማች ጻፈች። መጽሐፉ በ1954 ታተመ። አንድ የአፍሪካ ገጠር ሴት ሕይወቷን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በራሷ አንደበት የተናገረችበት መጽሐፍ በዚያ ዘመን ብርቅ ነበር። እሱን ሳነብ አያቴ ቡና እያፈላች የምታወራውን ያህል ነው የተሰማኝ። ያንን የጻፈላት የለም።

ስሚዝ በ1952 ወደ አገሩ ተመልሶ በዌስት ኢንዲስ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የማኅበራዊና ኢኮኖሚ ምርምር ተቋም ገባ። ግቢው ሞና ይባላል፤ የድሮ የሸንኮራ አገዳ እርሻ ነው። ባሪያዎች የሠሩት የውኃ ቦይ ፍርስራሽ እስከ ዛሬ ግቢው ውስጥ አለ። ከዚያ ግሬናዳና ካሪያኩ ሄደ። ካሪያኩ ከግሬናዳ በስተሰሜን ያለች ትንሽዬ ደሴት ናት። ወንዶቹ መርከብ ይሠራሉ፣ በመርከብ ይሄዳሉ፣ ብዙዎቹም ለሥራ ወጥተው ይቀራሉ፤ ደሴቷ ላይ ሴት ይበዛል። ሰዉ ከየትኛው የአፍሪካ ነገድ እንደመጣ ይቆጥራል፣ ክሮማንቲ፣ ኢግቦ፣ ማንዲንጎ እያለ። በትልቁ ከበሮ ሲጨፈር ለየነገዱ የየራሱ ምት አለው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ እንዲያው ደስ ስላለኝ። ካሪያኩ ላይ የሞተ ዘመድ በሕልም መጥቶ "ረሳችሁኝ፣ አብሉኝ" ይላል። ቤተሰቡም ደግሶ ሰፈሩን ያበላል። ግብዣው "ሳራካ" ይባላል። ቃሉ ከምዕራብ አፍሪካ ሙስሊሞች ጋር ባሕር የተሻገረው "ሰደቃ" እንደሆነ ነው የሚታመነው። የእኛው ሰደቃ! ባርነት ስም ነጠቀ፣ ቋንቋ ነጠቀ፣ ሰደቃን ግን ከዚያች ትንሽ ደሴት መንጠቅ አልቻለም። ስሚዝ እንዲህ ያለውን ነገር "የኋላ ቀሮች ጉድ" ብሎ አላለፈም። ቤት ለቤት ዞሮ ማን የማን ልጅ እንደሆነ፣ መሬት ማን እንደሚወርስ መዘገበ። ግሬናዳ ላይም ኖርማን ፖል የሚባል የሻንጎ አምልኮ መሪና ፈዋሽ አገኘ። ሰውየው ሕይወቱን ሲያወራ ስሚዝ እንደወረደ ጻፈው፣ መጽሐፍ ሆነ። ከባባ መጽሐፍ ጋር አንድ ዓይነት ሥራ ነው፤ ሰውየው ይናገራል፣ ምሁሩ ይሰማል።

በንድፈ ሐሳብ በኩል ስሙ የገነነው "ብዝኅ ማኅበረሰብ" ሊባል በሚችለው ሐሳቡ ነው። ባጭሩ እንዲህ ይላል። ጃማይካ አንድ አገር ትመስላለች እንጂ ውስጧ ሦስት ናት፤ ነጮቹ፣ ክልሶቹና ጥቁሮቹ። ሦስቱም የየራሳቸው የጋብቻ ሥርዓት፣ የየራሳቸው አምልኮ፣ የየራሳቸው የንብረት አያያዝ አላቸው። አንድ ላይ ያቆያቸው የጋራ እሴት አይደለም፣ ከላይ ያለው ቡድን በእጁ የያዘው የመንግሥት ኃይል ነው። ይሄ ሐሳብ ብዙ ጠላት አፈራበት። የትሪኒዳዱ ሎይድ ብራትዌትና ሌሎች "የለም፣ ሰዉ የሚጋራው እሴት አለ፤ ጥቁሩም ድሃ የነጩን ወግ ከፍ አድርጎ ያያል" ብለው ተከራከሩት። ሌሎች ደግሞ "መደብን ረሳህ" አሉት። እኔ ክርክሩን ለመዳኘት አቅም የለኝም። ግን ይሄን ልበል፤ ስሚዝ ሰዎችን እንደ "ያልተማሩ የእኛው ሰዎች" አላያቸውም። የራሳቸው ሙሉ ዓለም ያላቸው አድርጎ ነው ያያቸው። ወደ ምዕራብ ኪንግስተን ሲሄድ ይዞት የሄደው ይሄን ዓይን ይመስለኛል።

አሁን ወደ 1960 እንምጣ።

ራስ ተፈሪያውያን በዚያን ጊዜ ጃማይካ ውስጥ የሚፈሩና የሚናቁ ሰዎች ነበሩ። እንቅስቃሴው የተጀመረው ጃንሆይ በ1930 ከነገሡ በኋላ ነው። ሌናርድ ሃውል የሚባለው ሰባኪ የጃንሆይን ፎቶ ይሸጥ ነበር፤ በአመፅ ቀስቃሽነት ተከስሶ ታሰረ። ፒናክል የሚባል ኮረብታ ላይ የመሠረተውን መንደር ፖሊስ በ1954 አፈረሰው። የተበተነው ሰው ምዕራብ ኪንግስተን ገባ። ባክ ኦ ዎል የሚባል ሰፈር አለ፣ ዳንግል የሚባል አለ። ዳንግል ማለት የከተማው ቆሻሻ መጣያ ነው። ሰው ከካርቶንና ከቆርቆሮ ቤት ሠርቶ ይኖርበታል።

በ1959 ክላውዲየስ ሄንሪ የሚባል ቄስ "ጥቅምት 5 ቀን ወደ አፍሪካ እንሄዳለን" ብሎ ሰማያዊ ካርድ በአንድ ሽልንግ ሸጠ። ሰው አመነ። ያለውን ሸጦ፣ ጓዙን ጠቅልሎ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ተሰበሰበ። መርከብ አልመጣም። በተከታዩ ሚያዝያ ፖሊስ የሄንሪን ቤተ ክርስቲያን ፈትሾ የጦር መሣሪያ አገኘሁ አለ፤ ለፊደል ካስትሮ የተጻፈ ደብዳቤም ተገኘ ተባለ። ሰኔ ላይ የሄንሪ ልጅ ሬድ ሂልስ ኮረብታ ላይ ከታጠቁ ሰዎች ጋር ሆኖ ሳለ ሁለት የእንግሊዝ ወታደሮች ተገደሉ። ከዚያ በኋላ ድሬድ ያለው ሰው ሁሉ ጠላት ሆነ። ፖሊስ ያሳድዳል፣ ጋዜጣ ያስፈራራል፣ አሠሪ ያባርራል።

በዚህ መሀል ነው ከኪንግስተን ራስታዎች የተወሰኑት ዩኒቨርሲቲው ድረስ የሄዱት። "ማንነታችንን አጥኑልን፣ የምንለውን ለአገሩ ንገሩልን" ነው ጥያቄያቸው። በጣም የሚገርመኝ ይሄ ነው። መጀመሪያ የመጣው ምሁሩ አይደለም። ሰሚ ያጡት ሰዎች ራሳቸው ናቸው ሰሚ ፍለጋ የሄዱት። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ኃላፊ አርተር ሉዊስ ነበር፤ የሴንት ሉሲያ ሰው፣ በኋላ በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘው። ነገ ዛሬ አላለም። ሦስት ሰዎች መደበ። ስሚዝ፣ የታሪክ ምሁሩ ሮይ ኦጊየር፣ እና ወጣቱ ሬክስ ኔትልፎርድ። ኔትልፎርድ በኋላ የጃማይካን ብሔራዊ የዳንስ ቲያትር ከመሠረቱት አንዱ የሆነው ነው።

የተሰጣቸው ጊዜ ሁለት ሳምንት። አንትሮፖሎጂስት ማለት አንድ መንደር ውስጥ ዓመት የሚከርም ሰው ነው፤ ስሚዝም ዛሪያ ላይ እንደዚያ ነው ያደረገው። አሁን ግን ከተማው ሊፈነዳ ነው፣ ፖሊስ ሰው እያፈሰ ነው፣ ዓመት የሚጠብቅ ነገር የለም። ሐምሌ ላይ ምዕራብ ኪንግስተን ገቡ። ከየቡድኑ ጋር ተቀመጡ፣ ስብሰባቸው ላይ ተገኙ፣ ጠየቁ፣ ሰሙ። በዚያው ወር ሪፖርቱ ተጽፎ ለመንግሥት ደረሰ። የመንግሥቱ መሪ ያኔ ኖርማን ማንሌይ ነው፤ ስሚዝ በወጣትነቱ ግጥም ያነብበት የነበረው ቤት አባወራ።

ሪፖርቱ ቀጭን ጥራዝ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው እጄ የገባው፤ አንድ ሌሊት በቂ ነበር። ራስታዎች አንድ ወጥ አለመሆናቸውን ይናገራል። ሁሉም የሚስማሙት በሁለት ነገር ነው ይላል፤ ራስ ተፈሪ ሕያው አምላክ ነው የሚለውና የጥቁር ሰው መዳን ወደ አፍሪካ በመመለስ ነው የሚለው። ከዚህ ውጭ አንዱ ፂሙን ያሳድጋል፣ ሌላው ይላጫል፤ አንዱ ጋንጃ ያጨሳል፣ ሌላው አይነካም፤ አንዱ ስለ ትግል ያወራል፣ ብዙው ሰላማዊ ነው። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ ጃንሆይን አምላክ ማለታቸውን ልቀበል አልችልም። ሪፖርቱም ተቀበሉ አይልም። የሚለው፦ እምነታቸው ይሄ ነው፣ ከየት እንደመጣ ይሄው፣ የሚኖሩበት ሁኔታ ደግሞ ይሄው።

መጨረሻ ላይ አሥር ምክረ ሐሳቦች አሉ። የመጀመሪያው፣ መንግሥት ወደ አፍሪካ አገሮች ልዑክ ይላክ፣ ልዑኩ ውስጥም ራስታዎች ራሳቸው ይኑሩበት። ቀጥሎ ለጉዞው የሚደረገው ዝግጅት አሁኑኑ ከእነሱ ጋር ይመከርበት ይላል። ሕዝቡ አብዛኞቹ ራስታዎች ሰላማዊና ሠርተው መብላት የሚፈልጉ መሆናቸውን ይወቅ። ፖሊስ ምርመራውን ቶሎ ጨርሶ ሰላማዊውን ማሳደድ ያቁም። ርካሽ ቤት ይሠራ። ሰው በጨረቃ ቤት የሰፈረበትን መሬት መንግሥት ገዝቶ ውኃ፣ መብራት፣ የፍሳሽ መስመር ያስገባለት፣ ቆሻሻውን ያንሳለት። የሙያ ትምህርትና የሕፃናት ክሊኒክ ያለበት ማዕከል ይከፈት። የኅብረት ሥራ ማምረቻ፣ የጋዜጣና የሬዲዮ ዕድል ይሰጣቸው። ስምንተኛው ላይ ስደርስ ቆም አልኩ። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ምዕራብ ኪንግስተን ላይ ቅርንጫፍ እንድትከፍት ትጋበዝ ይላል።

እስቲ አስቡት። ሦስት የካሪቢያን ምሁራን፣ በ1960፣ ለገዛ መንግሥታቸው፣ "የኢትዮጵያን ቤተ ክርስቲያን ጥሩልን" ብለው ሲጽፉ። ከቧንቧ ውኃና ከቆሻሻ ማንሳት ጋር በአንድ ዝርዝር ውስጥ ነው ያስገቡት። ለእነዚያ ሰዎች ሁለቱም እኩል እንደሚያስፈልጋቸው ስለሰሙ ነው።

ሪፖርቱ ላይ ከሌሎች ምሁራን የቀረበ ቅሬታ አለ። ተቻኮለ፣ በሁለት ሳምንት ይሄን ያህል ነገር አይጠናም የሚል። ልክ ናቸው፣ ተቻኩሏል። እኔ የሚከፋኝ ሌላ ነው። የሴቶቹ ድምፅ እምብዛም አይሰማም። "ወንድሞች" እያለ ነው የሚሄደው። ቤቱ ውስጥ ባባን አሮጊቷን የሰማች ሚስት እያለችው፣ ዳንግል ላይ ልጅ አዝላ ውኃ የምትቀዳዋን ራስታ ሴት ለምን ቁጭ ብሎ አልሰማትም? ሦስት ወንዶች ሄዱ፣ ከወንዶች ጋር አወሩ። ሁለት ሳምንት ማነሱ እዚህ ላይ ይታየኛል።

ቢሆንም ሥራው ሥራ ነው። በሚያዝያ 1961 የጃማይካ ልዑክ ወደ አፍሪካ መጣ። ሦስት ራስታዎች አብረው ነበሩ፤ ሞርቲሞ ፕላኖ፣ ዳግላስ ማክና ፊልሞር አልቫራንጋ። ከዓመት በፊት ፖሊስ የሚያሳድዳቸው ሰዎች የመንግሥት ፓስፖርት ይዘው አዲስ አበባ ቤተ መንግሥት ገቡ፣ ጃንሆይ ተቀበሏቸው። ናይጄሪያን፣ ጋናን፣ ላይቤሪያንና ሴራሊዮንንም አዩ። ሲመለሱ ሦስቱ የራሳቸውን ሪፖርት ለብቻ ጻፉ። ከዚያ 1962 ምርጫ መጣ፣ ማንሌይ ተሸነፈ፣ ጃማይካ ነፃ ወጣች፤ በመንግሥት ደረጃ ሰው የማስፈር እቅዱም በዚያው ተዳፈነ። ሻሸመኔ ላይ ግን ጃንሆይ በ1948 በኢትዮጵያ ወርልድ ፌደሬሽን፣ ኢትዮጵያን በሚደግፈው የጥቁሮች ማኅበር፣ በኩል የሰጡት አምስት ጋሻ መሬት ነበር። መንግሥት ባይልካቸውም በራሳቸው መምጣት ጀመሩ፣ በተለይ ጃንሆይ ሚያዝያ 21 ቀን 1966 ኪንግስተን ከወረዱ በኋላ። ያን ቀን አየር ማረፊያው በሰው ተጥለቅልቆ ጃንሆይ ከአውሮፕላኑ መውረድ ሲያቅታቸው ደረጃውን ወጥቶ ሕዝቡን ያረጋጋው ፕላኖ ነው። ያው ከልዑኩ ጋር አዲስ አበባ የመጣው።

ሁሉም ምክረ ሐሳብ ግን አልተሰማም። በሚያዝያ 1963 ሞንቴጎ ቤይ አጠገብ ኮራል ጋርደንስ በሚባል ቦታ ነዳጅ ማደያ ተቃጥሎ፣ ግጭት ተነስቶ ስምንት ሰዎች ሞቱ። መንግሥት በአካባቢው ያለ ራስታ እንዲታፈስ አደረገ። ነገሩ ውስጥ የሌሉበት በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ታሰሩ፣ ተደበደቡ፣ ድሬዳቸው በግድ ተቆረጠ። ስሚዝና ጓደኞቹ "ሰላማዊውን ማሳደድ አቁሙ" ብለው ከጻፉ ሦስት ዓመት እንኳ አልሞላም። የጃማይካ መንግሥት በይፋ ይቅርታ የጠየቀው በ2017 ነው።

ኮራል ጋርደንስን መጀመሪያ ያነበብኩ ቀን መጽሐፉን ዘግቼ ተቀመጥኩ። የጓደኛዬ አባት ዳይሬክተሩ ቢሮ በር ላይ የተናገሩት ትዝ አለኝ። እጃቸውን አናታቸው ላይ አድርገው ቀስ ብለው ያወረዱት። እንዲህ ነበር ያሉት፦ "ሃያ ዓመቴ ሳለ አራት ፖሊሶች መሬት ላይ አስተኝተው ፀጉሬን በተሰበረ ጠርሙስ ቆረጡኝ። ምንም አላጠፋሁም። እዚህ የመጣሁት ልጄ ላይ ይሄ እንዳይደርስ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ እንዲህ ይሉኛል ብዬ አልጠበቅኩም።" ሌላም ብለዋል። እኔ "ፀጉሩን አላስቆርጥም ነው የሚሉት" አልኩ።

ባክ ኦ ዎልም ውኃና መብራት አልገባለትም። ጃንሆይ በመጡ በሦስት ወሩ፣ ሐምሌ 1966፣ በቡልዶዘር ፈረሰ። የአካባቢው የፓርላማ ተወካይና ሚኒስትር ኤድዋርድ ሲያጋ ነበር። ይሄ ሰው ሃርቫርድ ላይ ማኅበራዊ ሳይንስ የተማረ፣ ሪቫይቫል የሚባለውን የጃማይካ ድሆች አምልኮ ሰፈራቸው ድረስ ገብቶ ያጠና ነው። ሰው መሀል ገብቶ ማጥናት ብቻውን ዋስትና እንዳልሆነ የገባኝ እዚህ ጋ ነው። ሁለቱም አጠኑ፤ አንዱ "ውኃ አስገቡላቸው" ብሎ ጻፈ፣ ሌላው ሥልጣን ሲይዝ ሰፈሩ ፈርሶ ቲቮሊ ጋርደንስ የሚባል አዲስ የመኖሪያ ሰፈር ተሠራበት።

ስምንተኛው ምክረ ሐሳብ ግን አሥር ዓመት ቆይቶ ተፈጸመ። በ1970 አባ ላእከ ማርያም ማንደፍሮ፣ በኋላ አቡነ ይስሐቅ የተባሉት፣ ጃማይካ ገብተው ቤተ ክርስቲያን ተከሉ። ብዙ ራስታዎችን አጠመቁ። በ1980 ቦብ ማርሌይንም ያጠመቁት እሳቸው ናቸው፤ ክርስትና ስሙ ብርሃነ ሥላሴ። በ1981 ኪንግስተን ላይ ሲሸኝ ፍትሐቱ በእኛ ሥርዓት በግዕዝና በአማርኛ ጭምር የተደረሰው ለዚህ ነው። ያን ቪዲዮ አይታችሁ "እንዴት ሆኖ?" ያላችሁ ካላችሁ፣ ከመልሱ አንዱ ቁራጭ በ1960 በተጻፈ ቀጭን ጥራዝ ውስጥ ነው።

ስሚዝ ራሱ በ1961 ወደ ሎስ አንጀለስ ሄዶ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። በ1969 ወደ ለንደን፣ ወደ ተማረበት ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በፕሮፌሰርነት ተመለሰ። በዚህ መሀል ጃማይካ ተለውጣለች። ማይክል ማንሌይ ኢትዮጵያ መጥቶ ከጃንሆይ የተሰጠውን በትር እያሳየ በ1972 ምርጫ ቀሰቀሰ፣ አሸነፈም። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት የጃንሆይን ስም የሚጠራ ሰው በፖሊስ ይፈለግ ነበር፤ አሁን ጠቅላይ ሚኒስትሩ የጃንሆይን በትር ይዟል። በ1970ዎቹ አጋማሽ ስሚዝ የለንደኑን ወንበር ትቶ ኪንግስተን ገባ፣ የጠቅላይ ሚኒስትሩ ልዩ አማካሪ ሆነ። ቀላል ጊዜ አልነበረም። ኪንግስተን ውስጥ የፓርቲ ጠመንጃ የሚተኮስበት፣ በ1976 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የታወጀበት፣ ገንዘብ ያለቀበት ዘመን ነው። በ1978 ወደ ዬል ዩኒቨርሲቲ ሄደ፣ እስከ 1986 አስተማረ። ጡረታ ከወጣ በኋላም ስለ ጃማይካ ድህነት ይጽፍ ነበር። አገሩ የሜሪት ኒሻን ሸልማዋለች። በጥር 1993 ለንደን ውስጥ አረፈ።

እንግዲህ በሠራው ሁሉ መሀል፣ ከእነዚያ ወፋፍራም መጻሕፍት ይልቅ፣ እኔ ያቺን ቀጭን ጥራዝ ነው የምወድለት። ምሁር ለሕዝብ አገለገለ ሲባል ብዙ ጊዜ ኮሚቴ፣ ወንበር፣ ማዕረግ ነው የሚታየኝ። እሱ ግን መንገዱ ላይ የሚያገኛቸውን ሰዎች ቃል ይዞ መንግሥት ቤት ገባ። አላሳጠረም፣ አላስዋበም፣ ራሱ የማያምንበትን እንኳ አልቆረጠም። ያንን ማድረግ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ሰባተኛ ክፍል ላይ አውቄዋለሁ።

ያ አጠገቤ ይቀመጥ የነበረው ልጅ አሁን ውጭ አገር ነው የሚኖረው። በቅርቡ በፌስቡክ ተገናኘን። አባቱ ማረፋቸውን ነገረኝ። እኔም ስለ ሪፖርቱ ነገርኩት፣ ፋይሉን ላክሁለት። ከጥቂት ቀን በኋላ መልሶ ጻፈልኝ። "ያን ቀን አባቴ ምን ነበር ያለው? ነግሮኝ አያውቅም፣ 'ተነጋገርን' ብቻ ነበር የሚለኝ" አለኝ።

ቅዳሜ ሌሊት ቁጭ ብዬ ጻፍኩለት። ያስታወስኩትን በሙሉ፣ ጠርሙሱን፣ አራቱን ፖሊሶች፣ እጃቸውን አናታቸው ላይ ማድረጋቸውን፣ እኔ ምን ብዬ እንደተረጎምኩም። በጣም ረጅም ሆነ። አላሳጠርኩትም።